ድንቹን ማን ይቅመስ

በኛ መንደር፣ በኔስዳል፣ የቀብር ስብከት እስከ መጨረሻው ሰምተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ አርዲስ ትዌተንና ባሏ ዴልማር ነበሩ። እምነት ጎድሏቸው እንዳይመስላችሁ! ከአንድም ቀብር ቀርተው አያውቁም፤ ከፓስተሩ ቀድመው ደርሰው፣ ከሁሉም በኋላ በሩን ቆልፈው የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ብቻ ከላይ በጸሎቱ አዳራሽ መዝሙሩ ሲዘመርና ሟቹ ሲመሰገን ሁለቱም ምድር ቤት ናቸው። እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ድንቿን ትጠብቃለች። እሱ ከግድግዳው ማዶ፣ የማሞቂያው ክፍል ውስጥ፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ባልቦላ ይጠብቃል። ሰው ሠርግ ላይ ይተዋወቃል፣ ገበያ ላይ ይተዋወቃል፤ እነዚህ ሁለቱ ተጋብተው ልጅ ወልደው እንኳ አጥብቀው የተዋወቁት በሰው ለቅሶ ነው ብል አላጋነንኩም።

የአርዲስ ድንች ደግሞ የታወቀ ነው። በኛ አገር ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ከጸሎቱ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወርዶ ምሳ ይበላል። የአሳማ ታፋ ይቀርባል፣ ትንንሽ ዳቦ ይቀርባል፣ ያ ጄሎ የሚሉት የሚንቀጠቀጥ ቀይ ጣፋጭ ይቀርባል፤ ግን ሰው ሳህኑን ይዞ አንገቱን የሚያሰግገው የተደቆሰውን ድንች ፍለጋ ነው። ያለሱ ሟቹ በወጉ የተሸኘ አይመስለንም።

ጥንት አማቷ ድንቹን በትልቅ ብረት ድስት ቀቅላ፣ ውሃውን ደፍታ፣ ክንዷ እስኪዝል ደቁሳ ነበር የምታቀርበው። አርዲስ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ከስጦታዎቿ መሃል ያ ቀስ እያለ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ነበረ። ሶኬት ላይ ሰክተው ወደ ሌላ ሥራ የሚሄዱለት ዓይነት ነው። አማቲቱ ዙሪያውን ዞራ አየችውና፣ "ይሄ ድስት ነው ወይስ አልጋ? ድንቹ እኮ ተኝቶበታል!" አለች።

አርዲስ ድንቿን መላጥ ቀጠለች። ድሮም ከአፏ ብዙ ቃል አይወጣም። ከሰዓት በኋላ ሳህኑ ተልሶ ሲመለስ ግን አማቲቱ ማንም ያላያት መስሏት ድስቱን በጨርቅ ስትወለውል ተገኘች።

ዘዴው ትዕግሥት ላለው ሰው ቀላል ነው። ድንቹን ልጣ እኩል እኩል አድርጋ ትቆርጠዋለች፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ከሆነ አንዱ ሲሟሟ ሌላው ጥርስ ይሰብራል። ከሥር ጥቂት የዶሮ መረቅ፣ ከላይ ቅቤ፣ ከዚያ ክዳን። ውሃ ስለማታበዛ የሚደፋ የለም፤ የድንቹ ጣዕም እዚያው ይቀራል። ክዳኑን እስኪበስል ድረስ ራሷም አትከፍትም፣ ሰውም አታስከፍትም። "ክዳን የከፈተ ሙቀት ሰረቀ" ትላለች። ሲበስል እዚያው ድስቱ ውስጥ በእጅ መደቆሻ ትደቁሰዋለች። ወተቱንና ስልባቦቱን አሙቃ ነው የምትጨምረው፤ ቀዝቃዛ ወተት ድንች ያስቀይማል ባይ ናት። ትንሽ ለስላሳ አይብም ጣል ታደርግበታለች። ከዚያ እጇን ትሰበስባለች፤ አብዝቶ የደቆሰው ሰው የሚያበላው ሙጫ ነው።

የቀረው ጨው ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ። አርዲስ በጨው ራሷን አታምንም። ስታገባ ሰሞን አንድ ቀን ጨው አብዝታ የአማቷን እንግዶች ውሃ ሲለምኑ ስላዋለቻቸው፣ ከዚያ ወዲህ ዴልማር ሳይቀምስላት ድንች አቅርባ አታውቅም።

ዴልማር የኤሌክትሪክ ሙያ የለውም፤ ስንዴና አኩሪ አተር የሚዘራ ገበሬ ነው። ያንን ምድር ቤት ግን አያቶቻችን በገዛ እጃቸው ነው ገመድ የዘረጉለት። ያኔ ማን ስንት ድስት እንደሚሰካ ማን አሰበ! ሁለት አምፖል፣ አንድ ራዲዮ ብለው ሠሩት። ኋላ የኔስዳል ሴት ሁሉ የኤሌክትሪክ ድስት ገዛች፤ በየቀብሩ ጉድ ይፈላ ጀመር። ድስቶቹ በአንዱ ግድግዳ፣ ትልቁ የቡና ማፍያ በሌላው ግድግዳ ካልተሰካ፣ ወይ ደግሞ የማሞቂያው ማራገቢያ በዚያው ሰዓት ከተነሳ፣ ባልቦላው ጠቅ! ብሎ ይወድቅና ወጥ ቤቱ ይጨልማል። በየዓመቱ ስብሰባ ላይ "ገመዱ ይቀየር" ይባላል፤ በየዓመቱ ጣሪያው ይቀድማል። ስለዚህ ዴልማር ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠ፤ እንደተቀመጠም አረጀ።

መብራቱ ሲሄድ አርዲስ በመደቆሻዋ እጀታ ግድግዳውን ሁለቴ ትመታለች፤ ኳ ኳ። ከማዶ ባልዲው ሲጎተት ይሰማል። መብራቱ ይመጣል። ከዚያ አርዲስ ከድስቱ አንድ ማንኪያ ድንች ጨልፋ፣ ከሥሩ መዳፏን አስደግፋ፣ ኮሪደሩን ዞራ ለባሏ ታቀርብለታለች።

"እህ?" ትለዋለች።

"ጨው" ይላታል። ወይ ደግሞ፣ "መጥፎ አይደለም።" በኛ አገር ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም፤ ከዚህ አልፎ ያመሰገነ ሰው የሚበደር ነገር አለው ማለት ነው።

ጓደኛዋ ላቮን ይቺን ማንኪያ ባየች ቁጥር አታልፋትም። "እናንተ ሰዎች አታፍሩም? ሬሳ ከላይ አስተኝታችሁ እዚህ ትጎራረሳላችሁ!"

"ጨው እያስቀመስኩት ነው።"

"ጨው አሉት ደግሞ ስሙን! እኔ ቤት ያለው ሰውዬ ለጨው ብሎ ከሶፋው አይነሳም።"

አርዲስ ጉንጯ ቀላ ይልና ወደ ድስቷ ትመለሳለች። ዕድሜ ልኳን ከባሏ ጋር በሰው ፊት ተቃቅፋ አታውቅም። እቅፏ ያቺ ማንኪያ ነበረች።

ዘንድሮ በበረዶው ወራት የዴልማር ልብ ደከመ። ከተማ ወስደው ሆስፒታል አስተኙት። አርዲስ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች፤ የምታደርግለት ነገር ግን የላትም። ትራሱን ታስተካክላለች፣ ነርሷ መጥታ እንደገና ታስተካክለዋለች። ብርድ ልብሱን ትጎትታለች፣ ይሞቀኛል ይላታል። ከቤት ያመጣችውን ድንች "ቅቤም ጨውም ክልክል ነው" ብለው በትሕትና መለሱባት። ትሕትናቸው ነው ደግሞ የሚያናድደው! ተቆጥተው ቢሆን መልስ ይገኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ መጣለት። ዴልማር በማንኪያው ጫፍ ነካ አደረገው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ድንች ነው አሉ።"

"ድንቹ ራሱ ያውቃል?"

ከካርቶን የሚወጣው ዓይነት ነበር፤ ደረቁን ዱቄት በፈላ ውሃ በጥብጠው ነው የሚያቀርቡት። ዴልማር አንድ ጊዜ ዋጠና ማንኪያውን አስቀመጠ።

"አርዲስ፣ ስሚኝማ። በቀብሬ ቀን ይሄን የካርቶን ዱቄት ለሰው እንዳታበዪብኝ።"

"ምን ያስወራሃል? ዝም ብለህ ብላ።"

"ቃል ግቢልኝ። ያን ሁሉ ዘመን ባልዲ ላይ የተቀመጥኩት ለዚህ አይደለም።"

"እሺ። እውነተኛ ድንች ይበላሉ።"

"ትኩሱን።"

"ትኩሱን። በቃ፣ አሁን ዕረፍ።"

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገና፣ "ጨዉንስ ማን ይቀምስልሻል?" አላት።

አርዲስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያን ሳምንት ሳይጨርስ ሞተ።

ከሞተ ወዲህ አላለቀሰችም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ይሄን ያለ ሰው አርዲስን አያውቃትም። ልቧ እንደ ድንጋይ ከብዷት፣ ዓይኗ እንደ አሸዋ ደርቆባት ሰነበተች። አንድ ነገር ብቻ ነበር በልቧ ውስጥ የቆመው፦ ቃሌን ልጠብቅ። ትራሱን ማስተካከል አቅቶኛል፣ ሞቱን መመለስ አቅቶኛል፤ ድንች መሥራት ግን አያቅተኝም።

በቀብሩ ቀን ገና ሳይነጋ ተነስታ ላጠች። እኩል እኩል አድርጋ ቆረጠች። ያሏትን ድስቶች ሞላች፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ በልጇ በማርላ መኪና ላይ ጫነቻቸው። ማርላ ለቀብሩ ከሩቅ ከተማ የመጣች ናት። "እማ፣ ዛሬ እንኳ ብታርፊ ምናለበት?" አለቻት። አርዲስ "ንጂው" አለቻት።

ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ግን ላቮን እጇን ዘርግታ ቆማለች።

"አምጪ። አንቺ እዚህ ነው የምትቆሚው።"

"ሰክቼው ብቻ ልመለስ።"

"እኔ እሰካዋለሁ። ሐዘንተኛ ወጥ ቤት አይገባም፤ ይሄን ሕግ ለማን ልንገር? ላንቺ?"

እውነቷን ነው። ሕጉን አጥብቃ ስታስከብር የኖረችው ራሷ አርዲስ ናት። ባሏ የሞተባት ኢንጋ አንድ ጊዜ "አንድ ስኒ ልጠብ" ብላ ብትገባ፣ ፎጣውን ከእጇ ነጥቃ፣ ክንዷን ይዛ ወንበር ላይ ያስቀመጠቻት እሷ ነበረች። ሴትዮዋ ያኔ እንዴት አድርጋ እንዳየቻት ዛሬ ገባት። በመልካም ልብ ነው የሠራችው። በመልካም ልብ የማይሠራ ግፍ አለ እንዴ?

"እሺ፣ የቡናውን ማፍያ ብቻ..." አለች፤ "ላቮን፣ የቡናውን ማፍያ ከድስቶቹ ጋር አንድ ግድግዳ ላይ እንዳትሰኩ። ደግሞ ማራገቢያው ሲነሳ..."

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እኔስ ይሄን ያህል ዘመን እዚህ ምን ስሠራ የኖርኩ ይመስልሻል? በይ ውጪ፣ ሰው እየመጣ ነው።" ጉንጯን ሳመቻትና ድስቶቹን ይዛ ወረደች።

አርዲስ ከደረጃው አንገቷን አስግጋ አየች። አየችና ልቧ ድንግጥ አለ። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ድስት ነው! ዴልማር ያልጠገነለት ማረሻ፣ ከበረዶ ያላወጣው መኪና የለም፤ እያንዳንዷ ሴት "ለዴልማርማ ባዶ እጄን አልመጣም" ብላ ድስቷን ይዛ መጥታለች። ባቄላ የያዘ አለ፣ ሥጋ የያዘ አለ፣ በቆሎ የያዘ አለ፤ ገመዱ በኤክስቴንሽን ላይ ኤክስቴንሽን ተቀጣጥሎ ወለሉን እንደ ሐረግ ይዞታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳውን ሎሚ አንድ ሶኬት ላይ ሲሰኩትስ? ለዚህ ተረት አልተገኘም።

አፏን ልትከፍት ስትል ማርላ ክንዷን ያዘቻት፤ ፓስተሩ እየጠራ ነበር።

ከፊት ወንበር አስቀመጧት። የሬሳ ሳጥኑ ፊት ለፊቷ ነው። በግራ በኩል ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደው ደረጃ በር አለ፤ ከበሩ በላይ አንዲት ቢጫ አምፖል ትበራለች። ያቺ አምፖል ከወጥ ቤቱ ጋር አንድ መስመር ላይ ናት። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው ሳጥኑን ሲያይ አርዲስ አምፖሏን ታያለች። አፈረች በራሷ። ባሏ ፊቷ ተጋድሞ እሷ አምፖል ታያለች! ዓይኗን ወደ ሳጥኑ ትመልሳለች፣ ዓይኗ ይሰርቃትና ተመልሶ እዚያው ነው።

ፓስተሩ ወጣት ነው፣ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። "ወንድማችን ዴልማር" አለ፣ "ከማንም የቀብር ሥርዓት ቀርቶ አያውቅም። በኀዘናችን ሰዓት ሁሉ እዚህ፣ በመካከላችን ነበር።" አንዳንዱ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። አርዲስም ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ምን አለ አሁን እሱ አጠገቧ ተቀምጦ በክርኑ ጎሸም ቢያደርጋት?

ይሄን ስታስብ ከታች የማሞቂያው ማራገቢያ ሲነሳ ተሰማት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሽታ መጣ። ቡና። ማፍያውን ሰክተውታል ማለት ነው። የት ግድግዳ ላይ?

አምፖሏ ጠፋች።

ማንም አላየም። ኦርጋኑ በሌላ መስመር ነው፣ የላዩ መብራት በሌላ መስመር ነው፤ ስብከቱም ቀጠለ። አርዲስ ግን ሁሉንም ከተቀመጠችበት አየችው። ድስቶቹ ቀጥ ብለዋል። ድንቹ ዳር ዳሩ ለስልሶ መሃሉ ገና ጥሬ ነው። አንዷ ሴት አሁን ክዳን ትከፍታለች፤ ስትከፍተው ያለው ሙቀትም ይወጣል። ቀጥሎ ሁሉም ትከፍታለች!

እጇ ሳታዝዘው ተነሳ። በጣቷ አንጓ የወንበሩን እንጨት መታችው። ኳ ኳ።

ማርላ እጇን ያዘቻት። "እማ፣ አይዞሽ።"

"ባልቦላው ወደቀ" አለች አርዲስ በሹክሹክታ።

"እ?"

"ምድር ቤት። መብራቱ ጠፋ። ድንቹ..."

"እማዬ፣ እሱን ዛሬ እነላቮን ያስቡበት። አንቺ አባዬን አስቢ።"

እሱን እኮ ነው የማስበው! ልትላት ነበር፤ የፊት ወንበር ግን የሙግት ቦታ አይደለም። ተነስታ ብትሄድስ? የሟች ሚስት በስብከት መሃል ብድግ ብላ ወደ ወጥ ቤት ብትሮጥ አገሩ ምን ይላል? አበደች ይላል፤ ይዘው መልሰው ያስቀምጧታል። ደግሞስ ወርዳ ምን ልታደርግ? ባልቦላውን ነክታው አታውቅም። ድንች ነው የምታውቀው። ባልቦላ የሚያውቀው ሰውዬ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው፣ አዲሱን ከረባቱን አስረውለት።

አየችው ሳጥኑን። ተነስ እንጂ፣ አለችው በልቧ። ምን ያስተኛሃል? አንኳኳሁልህ እኮ። ሁለቴ አንኳኳሁልህ።

መዝሙር ተነሳ። ሁሉም ቆመ፣ እሷም ቆመች።

ምድር ቤት የሆነውን ያየው ሁሉ ኋላ ሲያወራው ነበር። ላቮን ሻማ ይዛ ባልቦላው ሳጥን ድረስ ሄዳለች፤ የተደረደሩትን ማብሪያዎች አንድ በአንድ አይታለች፤ የወደቀ አላየችም። ግራ ቢገባት ሁሉንም ነካ ነካ አድርጋ ተመለሰች። ድንቹን በሹካ ብትወጋው ሹካው ቆመ። ሰዉ ሊወርድ ነው፤ ጥሬውን አውጥቶ በጋዝ ምድጃ ለመቀቀል ጊዜ የለም። ያን ጊዜ አንዷ "ሱቁ እዚህ ነው፣ ካርቶኑን ላምጣ?" አለች። ላቮን ወንበር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ቀጥላ፣ "አምጪ" አለች። "አርዲስ እንዳትሰማ።"

መሬቱ በብርድ ደርቆ አልቆፈር ስላለ ሳጥኑ የሚቀበረው በረዶው ሲቀልጥ ነው። መቀበሩ እንኳ እምቢ አላት። ስለዚህ ከጸሎቱ ሰዉ በቀጥታ ወደ ምሳው ወረደ። ጠረጴዛው ላይ ሻማ በርቷል፤ አንዳንዱ እንግዳ "እንዴት አምሮበታል!" አለ፤ ለጌጥ መስሎታል።

አርዲስን የቤተ ሰብ ጠረጴዛ ራስጌ ላይ አስቀመጧት። ሳህኑን ላቮን ራሷ ይዛላት መጣች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

"ይኸው፣ ድንችሽ" አለቻት። "እንደ ሁልጊዜው ሆኖልሻል።"

አርዲስ ሳህኑን አየች። አየችው፣ ምን መቅመስ ያስፈልጋል! እንደ ኖራ የነጣ፣ አንዲት ጓል የሌለበት። ያም ሆኖ ማንኪያውን አነሳች። አፏ ሲገባ የሆስፒታሉ ክፍል፣ መስኮቱ፣ የትራሱ ሽታ ሁሉ መጣባት። ድንቹ ራሱ ያውቃል?

ቀና አለች። ከወጥ ቤቱ መስኮት የሴቶቹ ፊት ተደርድሮ ያያታል፤ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። እጇ በፈላ ውሃ የተቃጠለ አለች። ዓይኗ ያበጠ አለች። ለሷ ሲሉ ነው የዋሿት፤ ስለሚወዷት ነው። ምን ብላ ትናገራቸው? ትቆጣቸው? ማንን? እንኳን መናደድ፣ ማዘን እንኳ የሚቻልበት በር አልተዉላትም።

"መጥፎ አይደለም" አለች።

መስኮቱ ላይ የነበሩት ፊቶች ፈታ አሉ። ላቮን ዓይኗን በፎጣ ጠረግ አድርጋ ሄደች። አርዲስ አጎንብሳ ጎረሰች። ደግማ ጎረሰች። ሳህኗ ባዶ እስኪሆን ድረስ በላችው። ሰዉም እየመጣ ትከሻዋን ነካ ያደርጋታል፦ "አርዲስ፣ ድንችሽ ዛሬ ደግሞ ብሶበታል።" "ዴልማር በኖረና በቀመሰው!" "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች። ለሁሉም እግዜር ይስጥልኝ። ቃሏን ያፈረሰችበት ድንች ነው የሚመሰገነው፤ አንገቷን እየነቀነቀች ተቀበለች።

ሰዉ መበታተን ሲጀምር ወደ መጸዳጃ ቤት የምትሄድ መስላ ተነሳች። ይሄ እንኳ ለሐዘንተኛ አይከለከልም። ኮሪደሩን ዞራ ግን የማሞቂያውን ክፍል በር ገፋች።

ባልዲው እንደተደፋ ነው። ላዩ ላይ ዴልማር ከአሮጌ ካፖርት ቆርጦ የሰፋት መቀመጫ አለች፤ መሃሏ ጎድጉዷል። በመስኮቷ በኩል ከበረዶው የሚመጣ ብርሃን ባልቦላው ሳጥን ላይ ወድቋል። ከፈተችው። ማብሪያዎቹ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ደህና ይመስላሉ። ላቮን እውነቷን ነው፣ የወደቀ የለም።

ቆመች። አንድ እራት ላይ ዴልማር የነገራት ነገር ትዝ አላት፤ ያን ጊዜ ሳህን እያጠበች በግማሽ ጆሮዋ ነበር የሰማችው። "የወደቀችዋ የወደቀች አትመስልም፤ መሃል ላይ ነው የምትቆመው። ወደ ላይ ብቻ ብትገፊያት እሺ አትልም። መጀመሪያ ወደ ታች ጨርሰሽ አውርጃት፣ ከዚያ ትነሳለች።" ያኔ "እሺ" ብላው ነበር። ምን ያደርግልኛል ብላ፣ እሱ እያለ!

በጣቷ አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። አንዷ ላላ አለቻት። ወደ ታች ጨርሳ ገፋቻት፣ ከዚያ ወደ ላይ።

ጠቅ።

ከግድግዳው ማዶ "ኧረ መጣ! መጣ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። አንዷ ሳቀች፣ አንዷ ደግሞ "አሁን ነው እንዴ የምትመጣው፣ አንተ የማትረባ!" ብላ መብራቱን ሰደበችው። ማንም ያልነቀላቸው ድስቶች መሞቅ ጀመሩ። ያ መሃሉ ጥሬ የቀረ ድንች ምሳው ካለቀ፣ ሰዉ ካፖርቱን ከለበሰ በኋላ ቀስ እያለ ይበስል ጀመር።

አርዲስ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷን ገጠመች፣ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ሥራው ይሄ ነበር ለካ፤ መብራቱን መልሶ ቁጭ ማለት። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። በሩን አየችው። ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ሲሰማ ልቧ፣ ሞኝ ነው የሰው ልብ፣ ዘለለ።

በሩ ተከፈተ። ላቮን ናት።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ማርላ እኮ እየፈለገችሽ ነው! ዛሬ ሥራ የለም አላልኩሽም?"

"አልሠራም" አለች አርዲስ። "እየጠበቅኩ ነው።"

"ምኑን ነው የምትጠብቂው?"

"ማንኪያውን።"

ይሄን ስትል ነው እንባዋ የመጣው፤ ያን ሁሉ ቀን የጠፋው እንባ ያለ ድምፅ፣ ያለ ማባሪያ ወረደ። ላቮን በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ስታሾፍበት የኖረችው ማንኪያ ነው። አንድ ነገር ይዛላት ብትመጣ በወደደች፤ ግን ምን ይዛ ትምጣ? አንዱ ድንች ጥሬ ነው፣ ሌላው የካርቶን ነው። በእጇ የነበረው የዕቃ ማድረቂያው ፎጣ ብቻ ነበር፤ እሱን አጣጥፋ ይዛ፣ ጓደኛዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።